በጨለማና በዝናብ በብስክሌት ለመመላለስ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን እንዴት መምረጥ ይቻላል?

በጨለማና በዝናብም ቢሆን ወደ ሥራው በብስክሌት ለመመላለስ የወሰነ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚገዛው ውድ የዝናብ ጃኬት ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ዝናብ የሚወርደው ከላይ ቢሆንም፣ የነጂውን ጫማ፣ እግርና ጀርባ በጭቃ የሚያበላሸው ከጎማው ተፈናጥሮ የሚረጨው የመንገድ ውሃ ነው፤ ከመበስበስ የከፋው አደጋ ደግሞ አሽከርካሪዎች ሳያዩን መቅረታቸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎ በብስክሌቱ ላይ የሚገጠሙ ዕቃዎች፣ በመጨረሻም ልብስ ይገዛል።

በቅድሚያ መንገድዎን ያጥኑ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሚመላለሱበትን መንገድ በዚያው በሚመላለሱበት ሰዓት አንድ ጊዜ በትኩረት ይመልከቱት። መንገዱ መብራት አለው ወይስ የለውም? ጉዞው 15 ደቂቃ ነው ወይስ 1 ሰዓት? ለአጭር ጉዞ የሚበቃ ልብስ ለረጅሙ አይበቃም፤ በአንጻሩ ለረጅም ጉዞ የተሠራ ከባድ ጃኬት በአጭር መንገድ ላይ በላብ ከማጥመቅ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

መብራት

የፊት መብራት ሁለት ሥራዎች አሉት፤ መንገዱን ለነጂው ማሳየትና ነጂውን ለሌሎች ማሳየት። የመንገድ መብራት ባለበት ከተማ ውስጥ ዋናው ሥራ ሁለተኛው ስለሆነ ከ100 እስከ 200 ሉመን (ሉመን መብራቱ የሚሰጠው ብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ያለው ነጭ መብራት ይበቃል። መንገዱ ጨለማ ከሆነ ግን 400 ሉመንና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ውሃ የሞላው ጉድጓድ በደካማ ብርሃን ሲታይ ከእርጥብ አስፋልት አይለይም። የሉመኑ ቁጥር ብቻውን የመብራቱን ጥራት አይነግርም። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ የተቆረጠና ወደ መንገዱ ያዘነበለ መብራት፣ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ከሚበትን ኃይለኛ መብራት ይሻላል። መብራቱን ከገጠሙ በኋላ ብስክሌቱን ሌላ ሰው ቀጥ አድርጎ እንዲይዝልዎ ያድርጉና ወደ 10 ሜትር ያህል ራቅ ብለው ፊት ለፊት ይዩት፤ ዓይንዎን ከወጋዎት ከፊት የሚመጣውንም ሰው ያሳውራልና ዝቅ ያድርጉት።

የኋላው መብራት ቀይ ሆኖ ከጎንም የሚታይ መሆን አለበት። ነጂው የኋላ መብራቱን ስለማያየው በመንገድ ላይ ቢጠፋ አያውቅም፤ በዚህም ምክንያት ሁለት ትናንሽ የኋላ መብራቶችን መግጠም አንድ ትልቅ ከመግጠም ይመረጣል። ብልጭ ድርግም የሚለው ዓይን ይስባል፤ ሳያቋርጥ የሚበራው ደግሞ ከኋላ ለሚመጣው ሰው ርቀቱን ለመገመት ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ብልጭ ድርግም የሚል መብራትን የሚከለክሉ አገሮች ስላሉ የሚኖሩበትን አገር ደንብ ይመልከቱ።

ውሃ የመቋቋም አቅሙን ከማሸጊያው ላይ ማንበብ ይቻላል። አይፒ ኤክስ 4 (IPX4) የሚል ምልክት ዕቃው ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃን እንደሚቋቋም፣ አይፒ ኤክስ 7 (IPX7) ደግሞ 1 ሜትር በሚደርስ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይም እንደማይበላሽ ያመለክታል፤ ለመደበኛ ዝናብ የመጀመሪያው በቂ ነው። ስለ ባትሪው ሲጠይቁ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ብቻ ሳይሆን በየትኛው የብርሃን መጠን እንደሆነም ይጠይቁ፤ ባትሪ በብርድ አቅሙ ስለሚቀንስ የዕለቱን ጉዞ ቢያንስ እጥፍ የሚያህል ጊዜ የሚቆይ ይምረጡ።

አንጸባራቂና ደማቅ ቀለም

እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ደማቁ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ጨርቅ የሚያበራው በቀን ብርሃን ውስጥ ያለውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ወደሚታይ ብርሃን ስለሚለውጥ ነው፤ ስለዚህ በደመናማ ቀንና ገና ሲመሻሽ ይጠቅማል፣ ሌሊት ግን ጥቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። አንጸባራቂው ጥብጣብ የመኪናውን ብርሃን ወደመጣበት አቅጣጫ ይመልሰዋል፤ ስለሆነም ሥራው በጨለማ ነው። ከደረት ይልቅ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢታሰር ይመረጣል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ እግር፣ የሚታየው ነገር ብስክሌት የሚነዳ ሰው መሆኑን ለአሽከርካሪው ወዲያውኑ ይነግረዋል።

ፓራፋንጎ፣ ጎማና ፍሬን

ከኮርቻ ሥር የሚሰካው አጭር ፓራፋንጎ ጀርባን ብቻ ያድናል። ሙሉውንና ረጅሙን ይግዙ፤ የፊተኛው ጫፍ ላይ ወደ መንገዱ ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል ላስቲክ ካለው ጫማዎንም ሆነ ሰንሰለቱን ከጭቃ ይጠብቃል። በእኔ ግምት ለዋጋው ይህን ያህል የሚጠቅም ሌላ ዕቃ የለም።

ጎማ ሲመርጡ ትልልቅ ጥርስ ያለውን አይፈልጉ፤ አስፋልት ላይ የሚጠቅመው ሰፋ ያለና ቀዳዳን የሚከላከል ንብርብር ያለው ጎማ ነው። ዝናብ ስባሪ ጠርሙስን ወደ መንገዱ ዳር ይጠርጋል፤ እርጥብ ላስቲክም በስለት በቀላሉ ይቆረጣል። ከሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን ሳይወርዱ የጎማውን ነፋስ ጥቂት መቀነስ ጎማው መንገዱን ይበልጥ እንዲይዝ ያደርገዋል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ በመጀመሪያ የሚሠራው ውሃውን መጥረግ ስለሆነ ቀደም ብለው ቀስ አድርገው ይያዙት፤ አዲስ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ግን ዲስክ ፍሬን (በቸርኬው መሐል ያለውን ክብ ብረት የሚይዝ ፍሬን) ያለውን ቢመርጥ በዝናብ ጊዜ ይበልጥ ይተማመናል።

ልብስና ቦርሳ

የጃኬት ጨርቅ ውሃ የመከላከል አቅም፣ ጨርቁ ሳያስገባ በሚችለው የውሃ ዓምድ ቁመት በሚሊ ሜትር ይለካል፤ 10,000 ሚሊ ሜትር ለመመላለስ በቂ ነው። ከዚህ ቁጥር ይበልጥ የሚያሳስበው ላቡ የሚወጣበት መንገድ ነው፤ በብብት ሥር የሚከፈት ዚፕ የሌለው ጃኬት ነጂውን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ያረጥበዋል። ሲለኩት ቆመው ብቻ አይለኩት፤ መሪ እንደያዙ ሆነው ጎንበስ ሲሉ ጀርባዎ እንዳይገለጥ፣ እጅጌውም ወደ ላይ እንዳይሰበሰብ ያረጋግጡ። ከጃኬቱ ጋር ያለው ኮፍያ ወደ ኋላ ሲዞሩ ዕይታዎን የሚጋርድ ከሆነ ሄልሜት ሥር የሚገባ አጭር ግንባር ያለው ኮፍያ ይተካዋል። የቀዘቀዘ ጣት ፍሬን በደንብ ስለማይጨብጥ ውሃ የማያስገባ ጓንት ቅንጦት አይደለም። ከውስጥ የሚለበሰውና ካልሲው ከጥጥ ይልቅ ከሱፍ ቢሆን ሲረጥብም በተወሰነ ደረጃ ይሞቃል።

ቦርሳን በጀርባ መሸከም ላብ ያበዛል፤ የጃኬቱን አንጸባራቂም ይሸፍናል። በኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ የሚንጠለጠልና አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ቦርሳ የተሻለ ነው፤ የኋላ መብራቱን እንዳይጋርድ ግን ይመልከቱ።

ቤት ሲደርሱ ጫማውን ጋዜጣ ሞልተው ከእሳት ራቅ አድርገው ያድርቁ፤ ሰንሰለቱን ጠርገው ለእርጥብ ወቅት የተዘጋጀ ዘይት ይቀቡት። መብራቶቹን ደግሞ ጃኬቱን እንዳወለቁ ወዲያውኑ ቻርጅ ያድርጓቸው፤ ለነገ ያሉት እንደሆነ የሚያስታውሱት መንገድ ላይ ከወጡ በኋላ ነው።