ደስ እንዲለን ብለን የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የሥራ መደብ ስመኝ ኖርኩ። «እሱን ብቻ ላግኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» እል ነበር። አገኘሁት። ያን ዕለት ሌሊት ከደስታ ብዛት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ስለ ወንበሬ እያማረርኩ ነበር። አዎ፣ ስለ ወንበሬ። መደገፊያው ይወዛወዛል ብዬ።

የገረመኝ ወንበሩ አይደለም። ሁለት ዓመት የለፋሁለት ደስታ አንድ ወር እንኳ አለመቆየቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ደስታ የተጠናውን ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩት ውስጥ አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። ብዙዎቻችን ደስታ የሚርቀን ሰነፎች ወይም ምስጋና ቢሶች ስለሆንን አይደለም። ምን እንደሚያስደስተን ስንገምት ስለምንስት ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ዞረው ዞረው እዚያው ይገባሉ። አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ዛሬም አልተውኩም።

ደስታን በቀጠሮ ማቆየት

«ትምህርቴን ስጨርስ።» «ቤት ስሠራ።» «ልጆቹ ሲያድጉ።» «ጡረታ ስወጣ።» አንዱ ቀጠሮ ሲደርስ ሌላው ይተካል።

ዳንኤል ጊልበርት እና ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት አጥንተውታል። ሰው ጥሩ ነገር ሲገጥመው ደስ እንደሚለው፣ መጥፎ ሲገጥመው እንደሚከፋው ያውቃል። እዚህ ላይ አይሳሳትም። የሚስተው ስሜቱ ምን ያህል እንደሚበረታና ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ሲገምት ነው። ደስታውም ሐዘኑም ካሰብነው ቀድሞ ይበርዳል።

በዚህ ላይ በጣም የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመው የፊሊፕ ብሪክማንና የባልደረቦቹ ጥናት ነው (ከዚህ በኋላም የምጠራቸው ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። 22 ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸውን ሰዎች ካልደረሳቸው ጋር አነጻጸሩ። በደስታቸው መጠን ያን ያህል ልዩነት አልታየም። እንዲያውም ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ቁርስ መብላት፣ ከጓደኛ ጋር ማውራት፣ ቀልድ መስማት የመሳሰሉት ትንንሽ ነገሮች የሚሰጧቸው ደስታ ቀንሶ ተገኘ። እውነቱን ለመናገር ጥናቱ ትንሽ ነው። በኋላ በስዊድን በብዙ ሰዎች ላይ የተሠራው ጥናት ብዙ ገንዘብ የደረሳቸው ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ለዓመታት ጨምሮ መቆየቱን አሳይቷል። የዕለት ተዕለት ደስታቸው ላይ የታየው ለውጥ ግን ከዚያ ያነሰ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ይኸው የዕለቱ ነው።

ግባችሁን ጣሉት እያልኩ አይደለም። አንድ ነገር ስትመኙ ግን የምታገኙበትን ቀን ብቻ አታስቡ። ካገኛችሁት ከስድስት ወር በኋላ ያለውን አንድ ተራ ማክሰኞ አስቡ። ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ? መንገዱ እንዴት ነው? ማን አጠገባችሁ ይቀመጣል? ማታ ስትገቡ ምን ያህል ደክሟችኋል? እኔ ያኔ ይህን ብጠይቅ ኖሮ ሥራውን መመኘቴ ባይቀርም ሁለቱን ዓመት እንደዚያ አላቃጥላቸውም ነበር።

«ገንዘብ ደስታ አይገዛም» ብሎ ማለፍ

ይህን አባባል የሚወዱት ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የቤት ኪራይ ሲደርስ የሚጨነቅን ሰው ጠይቁት እስቲ።

ሳይንሱም ራሱ ሲወዛወዝ ነበር። በ2010 ዳንኤል ካነማን እና አንገስ ዲተን በአሜሪካ የዕለት ተዕለት ስሜት በዓመት 75,000 ዶላር ገቢ አካባቢ ማደጉን ያቆማል አሉ። በ2021 ማቲው ኪሊንግስወርዝ የለም፣ ከዚያም በላይ ይጨምራል አለ። ከዚያ ያደረጉትን ነው የምወድላቸው። ካነማንና ኪሊንግስወርዝ ከመዘላለፍ ይልቅ ባርባራ ሜለርስን ሦስተኛ አድርገው አብረው ሠሩና ውጤቱን በ2023 አወጡ። ለአብዛኛው ሰው ገቢ ሲጨምር ደስታ ይጨምራል። አስቀድሞ በጣም ደስታ በራቃቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ግን ጭማሪው የሆነ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ለእነሱ ችግሩ ገንዘብ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ ስህተቱ ገንዘብ መፈለግ አይደለም። አወጣጡ ላይ ነው። በ2008 ኤሊዛቤት ደንና ባልደረቦቿ ለሰዎች ጠዋት ላይ 5 ወይም 20 ዶላር ሰጡ። ግማሾቹን ለራሳችሁ አውጡት፣ ግማሾቹን ለሌላ ሰው አውጡት አሏቸው። ማታ ላይ ይበልጥ ደስ ብሏቸው የተገኙት ለሌላ ሰው ያወጡት ናቸው። 5 ይሁን 20 ለውጥ አላመጣም። ሌሎች ሰዎች ተጠይቀው ሲገምቱ ግን ለራስ ማውጣት ይበልጥ ያስደስታል፣ 20ውም ከ5 ይበልጣል ብለው ነበር። ይኸው፣ ያ ግምት እንደገና።

የሰው ሕይወት እያዩ የራስን መመዘን

በ1992 የባርሴሎና ኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያገኙ አትሌቶችን ፊት ያጠኑ ሰዎች አሉ። ነሐስ ያገኙት ብር ካገኙት ይበልጥ ደስ ብሏቸው ይታዩ ነበር። ነገሩ ከላይ ሲያዩት ግራ ይገባል። ግን የብሩ ባለቤት ወደ ወርቁ ይመለከታል፤ «ትንሽ ብቻ ቀርቶኝ ነበር» ይላል። የነሐሱ ባለቤት ባዶ እጁን ሊመለስ ይችል የነበረውን ያስባል።

ስልካችን ቀኑን ሙሉ ወርቅ ወርቁን ነው የሚያሳየን። የሰው ሠርግ፣ የሰው ጉዞ፣ የሰው ምርቃት። ያው ሰው ትናንት ማታ ከባለቤቱ ጋር ተኳርፎ ሶፋ ላይ ማደሩን ማን ፎቶ ያነሳል?

በ2018 በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ለአራት ሳምንት ፌስቡካቸውን እንዲዘጉ ተከፍሏቸው ውጤቱ ተጠንቶ ነበር። በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ተረፋቸው። ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ጨመረ። ደስታቸውም ከፍ አለ፤ ግን በትንሹ ነው። ተአምር አልነበረም፣ ተአምር ነው ብዬም አልሸጥላችሁም። እኔ የሠራሁት ቀላል ነገር ነው። ስልኬን ከመኝታ ክፍል አስወጣሁት። መጀመሪያ ሳምንት እጄ ትራሱን ሲዳብስ ያድር ነበር። ከዚያ ለመደ።

እግረ መንገዴን እንቅልፍን ላንሳ። አዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። ለአምስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ «ለምንድን ነው ሁሉም ነገር የሚያስጠላኝ?» ብሎ መጠየቅ ጥያቄውን ማባከን ነው።

ፍላጎቱ እስኪመጣ መጠበቅ

«ደስ ሲለኝ እወጣለሁ።» «ሙዱ ሲመጣ እጀምራለሁ።» ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። ድብርትን ለማከም ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ሰውየው ደስ እስኪለው ሳይጠብቅ የሚጠቅመውን ነገር በትንሽ በትንሹ መሥራት እንዲጀምር ማድረግ ነው። ስሜቱ ከሥራው ኋላ ይመጣል። ለእኔ መሥፈርቱ ጫማ ማሰር ነው። ጫማዬን አስሬ ከበር ከወጣሁ አሥር ደቂቃ መራመዴ አይቀርም። አሥር ደቂቃ ሄጄ የተጸጸትኩበትን ቀን አላስታውስም።

መከፋትን እንደ ሌባ ማባረር

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ሲጎዳበት ስላየሁ።

«ሁልጊዜ ፈገግ በል፣ አታስበው፣ እርሳው» የሚል ምክር ሞልቷል። በ1987 ዳንኤል ዌግነር ሰዎችን አስቀምጦ «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» አላቸው። ካሰባችሁ ደወል ደውሉ አለ። ደወሉ ዝም አላለም። አታስብ የተባለ አእምሮ እያሰበ እንዳይሆን በየጊዜው ራሱን ይፈትሻል፤ ሲፈትሽ ደግሞ ድቡን ያገኘዋል። «መከፋት የለብኝም» የሚል ሰውም እንዲሁ ነው። ስንት ጊዜ እንደከፋው ሲቆጥር ይውላል።

ደስታን ከልክ በላይ ማሳደድም ያው ነው። አይሪስ ሞስ እና ባልደረቦቿ በ2011 ባወጡት ጥናት ደስተኛ መሆን ከሁሉ ይበልጣል ብለው የሚያምኑ ሰዎች፣ በተለይ ለመደሰት ሁሉ በተመቻቸበት ሁኔታ ላይ፣ ደስታቸው ቀንሶ ነው የተገኘው። ምክንያቱ አይከብድም። ግብዣ ላይ ተቀምጦ «አሁን በቂ ደስ ብሎኛል?» እያለ ራሱን የሚለካ ሰው ግብዣው ላይ የለም።

እንግዲያው ንዴትንና ሐዘንን መዘርገፍ ይሻላል? አይደለም። ብራድ ቡሽማን በ2002 ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡ ሰዎች ምንም ሳይሠሩ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይበልጥ ተናደው አገኛቸው። «ይውጣልኝ» ብለን የምንጮኸው ጩኸት አያወጣውም፤ ያቀጣጥለዋል።

መካከለኛው መንገድ ስሙን መጥራት ነው። «ከፍቶኛል።» «ቅናት ይዞኛል።» «ፈርቻለሁ።» ብሎ ለራስ መንገር፤ ከዚያ ወደ ሥራ መመለስ። ስሜቱ ቢቀመጥም ቤቱን አይወርስም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። መከፋቱ ቀን ከቀን ሳይለቅ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ድሮ የሚያስደስታችሁ ሁሉ ከደበዘዘ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ይህ የአመለካከት ጉዳይ አይደለም። ድብርት ሊሆን ይችላል። ሕክምና አለው። ሐኪም ማየት ነው። መኖር አስጠልቷችሁ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገሩና እርዳታ ጠይቁ።

ምስጋናን የቤት ሥራ ማድረግ

የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች መጻፍ ይረዳል፤ ይህ ተደጋግሞ ታይቷል። ግን በየቀኑ ሦስት ሦስት እየቆጠሩ መሙላት የቢሮ ቅጽ ይሆናል። ሶንያ ሉቦሚርስኪ ባደረገችው ሙከራ በሳምንት አንድ ጊዜ የጻፉት ተጠቅመዋል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ የጻፉት አልተጠቀሙም። ሲሰለች ተዉት። ሲናፍቃችሁ ተመለሱበት።

«ሰው ላስቸግር?» ብሎ መራቅ

ከሁሉም ውድ ዋጋ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ከሁሉም ጨዋ መስሎ የሚታየውም እሱ ነው።

ሃርቫርድ ውስጥ በ1938 የተጀመረ፣ ሰዎችን ከወጣትነት እስከ እርጅና የተከታተለ ጥናት አለ። ዛሬም ልጆቻቸውን ይዞ ቀጥሏል። ሮበርት ዎልዲንገር አራተኛው መሪው ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ጎልቶ የወጣው ነገር ከሰው ጋር ያለን ግንኙነት ጥራት ነው። በ50 ዓመታቸው በግንኙነታቸው ይበልጥ ረክተው የነበሩት በ80 ዓመታቸው ጤናቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ሁላችንም እንደ ቀላል እናውቀዋለን። ታዲያ ለምን አንደውልም? እዚህም የሚያስተን ግምታችን ነው። ኒኮላስ ኤፕሊ እና ጁሊያና ሽሮደር በ2014 ባወጡት ሥራ ቺካጎ ውስጥ በባቡርና በአውቶቡስ የሚሄዱ ሰዎችን አጠገባችሁ ያለውን የማታውቁትን ሰው አናግሩ አሏቸው። ሌሎቹን ዝም ብላችሁ ተቀመጡ አሏቸው። ያናገሩት መንገዱ ይበልጥ አስደሰታቸው። አስቀድመው እንዲገምቱ የተጠየቁት ሰዎች ግን ተቃራኒውን ነበር ያሉት።

ኤፕሊ ከአሚት ኩማር ጋር በ2018 የሠራው ደግሞ ይበልጥ ይነካኛል። ሰዎች ውለታ ለዋለላቸው ሰው የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ። ጻፊዎቹ «ተቀባዩ ግራ ይገባዋል፣ ያፍራል» ብለው ፈሩ። የጽሑፋቸው አለማማርም አሳሰባቸው። ተቀባዮቹ ሲጠየቁ ያን ያህል አላፈሩም፤ ጻፊዎቹ ከገመቱት በላይ ደስ ብሏቸዋል። ጻፊው የሚጨነቀው ለቃላቱ ነው፤ ተቀባዩ የሚያየው መታሰቡን ነው።

እኔ አንድ የቆየ ጓደኛ አለኝ። አልተጣላንም፤ እንዲሁ ተጠፋፋን። በየዓመቱ «አሁንማ ብደውል ምን ይለኛል፣ ገንዘብ ፈልጎ ነው ይላል» እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈ። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ግምቴን ማመን አፈርኩና አንድ ቅዳሜ ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ አነሳው። «እንዴ! አለህ?» አለኝ። አርባ ደቂቃ አወራን። ከአርባው ሠላሳው ስለ ጉልበቱ ሕመም ነበር።