በመከራ ጊዜ የቡድሃን ምክር ስንይዝ የምንስታቸው ነገሮች

ያለፉት ዓመታት ለሰሜን ሸዋ ከባድ ነበሩ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ተቃጠለች፤ ደብረ ብርሃን ተፈናቃይ ተቀብላ ከረመች። አንዳንድ ወጣቶች መጽናኛ ፍለጋ ስለ ሜዲቴሽን (ጸጥ ብሎ ተቀምጦ አእምሮን ማረጋጋት) እና የቡድሂዝም መሥራች ስለሆነው የጥንት መምህር ስለ ቡድሃ በስልካቸው ያዳምጣሉ። ከትምህርቱ ለመጠቀም ሃይማኖት መቀየር አያስፈልግም። ተዛብቶ ከተያዘ ግን ይጎዳል።

ስሜትን ማፈን

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ብዙዎች ቡድሃ "ምንም አይሰማችሁ" ያለ ይመስላቸዋል። እሱ ራሱ እግሩን የድንጋይ ስባሪ ወግቶት ብርቱ ሕመም እንደተሰማው ተጽፏል። ያስተማረው ስለ ሁለት ቀስቶች ነው። አንደኛው ሕመሙ ነው፤ ማንንም ያማል። ሁለተኛውን የምንጨምረው እኛው ነን፤ "ለምን እኔ? ምነው ያን ቀን ባልወጣሁ!" እያልን ሌሊቱን ሙሉ ራሳችንን ስንወጋ። ልምምዱ ይህን ሁለተኛውን ለማስቀረት ነው። ለቅሶ ላይ ያለችን እናት "ሁሉም ያልፋል፣ በቃሽ" ብሎ ዝም ማሰኛ አይደለም።

በር ዘግቶ ብቻን መቀመጥ

በቡድሃ ዘመን ኪሳ ጎታሚ የምትባል እናት የሞተ ልጇን ታቅፋ መድኃኒት ስትለምን ቡድሃ "አታልቅሺ" አላላትም። ሰው ካልሞተበት ቤት ሰናፍጭ እንድታመጣ ላካት። ቤት ለቤት ዞረች፤ ሰናፍጩ ሞልቷል፣ ሞት ያልገባበት ቤት ግን የለም። ልጇን መቅበር የቻለችው የሌሎችን ሐዘን ከሰማች በኋላ ነው። ስለዚህ ሜዲቴሽን ጀመርኩ ብላችሁ ከእድሩና ከጎረቤት ቡና አትቅሩ።

"ካርማህ ነው" ማለት

ካርማ ማለት የቀድሞ ሥራ ውጤት ነው። ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ይህን መናገር ጭካኔ ነው። ትምህርቱም አይደግፈውም። ሲቫካ የሚባል ሰው ይህንኑ ሲጠይቅ፣ ቡድሃ ሕመም ከሐሞት፣ ከአክታ፣ ከወቅት መለዋወጥ፣ ከድንገተኛ ጉዳትም ይመጣል አለው። ሁሉን በቀድሞ ሥራ ማሳበብ ስህተት ነው ሲልም መለሰ።

"ሕይወት መከራ ነው" ላይ ማቆም

ይህ ቡድሃ ካስተማራቸው አራት እውነቶች የመጀመሪያው ብቻ ነው። ቀሪዎቹ መከራ ምክንያት እንዳለው፣ ሊቆም እንደሚችልና መንገዱን ይናገራሉ።

ራስን ማስጨነቅ

ሲዳርታ፣ ማለትም ቡድሃ ከመባሉ በፊት እሱ ራሱ፣ በረሃብ ራሱን ቀጥቶ ሊሞት ደርሶ ነበር። ከድሎትም ራስን ከመቅጣትም የራቀውን መካከለኛ መንገድ የያዘው ምግብ ከበላ በኋላ ነው። እናንተም በአምስት ደቂቃ ጀምሩ፤ እስትንፋሳችሁን ብቻ ተከታተሉ። ዓይን ስትጨፍኑ የተኩስ ድምፅ ወይም ያያችሁት ነገር ከመጣባችሁ ዓይናችሁን ግለጡ፣ ተነሡ፣ ሰው ያለበት ሂዱ። ከተደጋገመ ልምምዱን አቁማችሁ ሐኪም አማክሩ።