የአይኤልትስ የብስክሌት ጥያቄ፦ መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲቆም

ችግሩ፦ በአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ስፒኪንግ፣ ማለትም የንግግር ፈተና፣ ፓርት 1 ላይ ፈታኙ «ዲድ ዩ ሃቭ ኤ ባይክ ዌን ዩ ወር ያንግ?» (ልጅ ሳለህ ብስክሌት ነበረህ?) ሲል «የስ፣ አይ ሃቭ» ብሎ ዝም ማለት። መልሱ አጭር ነው፤ ግሱም ከጥያቄው ጊዜ ጋር አይሄድም።

መጀመሪያ የተሞከረው ሽምደዳ ነው። ጥያቄው ከልጅነት ወደ «በከተማህ ሰው ብስክሌት ይነዳል ወይ?» ሲዞር የተሸመደደው አይገጥምም፣ ድምፁም ንባብ ይሆናል። ከባድ ቃላት መጨመርም አልሠራም፤ ቃል ፍለጋው «እ... እ...» አበዛ፣ ቅልጥፍናውን ጎዳ።

የሠራው ይኸው፦ በ«ዲድ» ከተጠየቀ በ«ዲድ» መጀመር፣ ከዚያ «ዩዝድ ቱ» (ድሮ የተለመደ ነገር የሚነገርበት)፣ ቀጥሎ ምክንያት፣ መጨረሻ ላይ ዓይን የሚያየው አንድ ነገር።

«የስ፣ አይ ዲድ። አይ ዩዝድ ቱ ራይድ ኢት ቱ ስኩል ቢኮዝ ባህር ዳር ኢዝ ፍላት። ዘ ቼይን ኬፕት ካሚንግ ኦፍ፣ ሶ ማይ ሃንድስ ወር ኦልዌይስ ብላክ።»

መልሱን ከሌላው ተፈታኝ የሚለየው ያ የሚወልቀው ሰንሰለት ነው። ብስክሌት ያልነበረው ሰው መዋሸት የለበትም፦ «ኖ፣ አይ ዲድንት፣ ባት አይ ዩዝድ ቱ ሬንት ዋን» ብሎ ስለ ኪራዩ ይቀጥል። የኪራይ ብስክሌት እንዲያውም የተሻለ ወሬ አለው።

ልምምዱ በስልክ ድምፅ መቅጃ ነው፦ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ፣ ወረቀት ሳይታይ። መልሶ ሲደመጥ መጀመሪያ ግሱ ብቻ ይፈተሽ። ፓርት 2 (በተሰጠ ርዕስ ላይ ለብቻ የሚነገርበት) ላይ ለዝግጅት በሚሰጠው 1 ደቂቃ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጊዜ ይበላል፤ «ቀይ፣ ኪራይ፣ ሰንሰለት፣ ቁልቁለት» ዓይነት ነጠላ ቃላት ይበቃሉ።