የኦንላይን ሱቃችሁ ደንበኛን ሳያስፈቅድ እንዳይከታተል እንዴት ይደረጋል?

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ቡና ቆልታና አሽጋ የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ። የኦንላይን ሱቋን የሠራሁላት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ፍራንክፈርት ያለች ደንበኛዋ በቴሌግራም ጻፈችላት፦ «እህቴ፣ ገጽሽን ከፍቼ ገና ምንም ሳልነካ ኩኪ ተጭኖብኛል። ማን ፈቀደልሽ?» ጓደኛዬ ወዲያው ደወለችልኝ። «የምን ኩኪ ነው የምታወራው? እኔ የምሸጠው ቡና ነው!»

ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። የትዕዛዝ ዝርዝሩን ስንከፍት ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ጎን «ኦሪጂን» የሚል ዓምድ አለ። ይሄኛው ከጉግል መጣ፣ ያኛው ከፌስቡክ። አንዱን ትዕዛዝ ከፍተን ስናይ ደግሞ ገዢው በስልክ ይግባ በኮምፒውተር፣ ከመግዛቱ በፊት ስንት ገጽ እንዳየ ሁሉ ተጽፏል። ጓደኛዬ ዓምዱን ለወራት አይታዋለች፣ ምን እንደሆነ ግን ጠይቃ አታውቅም። እኔም ልብ አላልኩትም። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩኪ ማለት ድረ ገጽ በጎብኚው ብራውዘር ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ ነው። ድረ ገጽ በሚሠራበት በዎርድፕረስ ላይ የሚጨመረው የሱቅ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም)፣ ዉኮሜርስ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 በወጣው 8.5 እትሙ «ኦርደር አትሪቢውሽን» የሚባል ነገር ጨመረ። ሥራው ገዢው ከየት ተነስቶ ሱቃችሁ እንደደረሰ መመዝገብ ነው። የመጣውም ከመጀመሪያው በርቶ ነው። ሱቃችሁ በዉኮሜርስ የሚሠራ ከሆነ የሚከተለውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ትጨርሱታላችሁ፤ መብራትና ኔትወርክ ካልሄደ።

መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ እዩ

ኮምፒውተር ላይ ክሮምን በኢንኮግኒቶ (የቆየ ኩኪ በሌለበት የግል መስኮት) ክፈቱና ወደ ሱቃችሁ ግቡ። እንደ ባለቤት ሎግ ኢን አታድርጉ፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ነው መግባት ያለባችሁ። ከዚያ ኤፍ 12ን ተጫኑ፣ «አፕሊኬሽን» የሚለውን ምረጡ፣ በግራ በኩል «ኩኪስ»ን ክፈቱ። በላቲን ፊደል «ኤስ ቢ ጄ ኤስ» ብለው የሚጀምሩ ስሞች ከተደረደሩ ያ ኦርደር አትሪቢውሽን ነው። «ጂ ኤ» ያለበት የጎብኚዎችን እንቅስቃሴ የሚመዘግበው የጉግል አናሊቲክስ ነው፣ «ኤፍ ቢ ፒ» የሚለው ደግሞ የፌስቡክ ፒክስል፣ ማለትም ለማስታወቂያ ሲባል ጎብኚን የሚከታተል ኮድ። የሁሉንም ፎቶ በስልካችሁ አንሱ፤ በኋላ ታወዳድሩታላችሁ።

ሁሉም ኩኪ ግን ጠላት አይደለም። ደንበኛው ካርት ውስጥ ያስገባውን ዕቃ የሚያስታውሰውም ኩኪ ነው። እሱ ከሌለ ሱቁ አይሠራም፣ ስለዚህ ተዉት።

ቀጥሎ ማጥፋት

በዎርድፕረስ ዳሽቦርድ ከዉኮሜርስ ሥር «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ፊቸርስ» ግቡ። «ኦርደር አትሪቢውሽን» የሚለው ላይ ያለውን ራይት አንሱና ሴቭ አድርጉ። በቃ። እስከዛሬ በቆዩት ትዕዛዞች ላይ የተመዘገበው ግን በዚህ አይሰረዝም፣ የሚቆመው የወደፊቱ ነው።

እዚያው «አድቫንስድ» ውስጥ «ዉኮሜርስ ዶት ኮም» የሚል ክፍል አለ። እሱም «ትራኪንግ» ይላል፣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው እናንተ ስለ ደንበኛው የምታውቁት ነው፤ ይሄ ደግሞ ፕለጊኑን የሠራው ድርጅት ስለ እናንተ ሱቅ የሚያውቀው። ሱቁን ስትከፍቱ በችኮላ «ኔክስት፣ ኔክስት» እያላችሁ ካለፋችሁ ፈቅዳችሁ ሊሆን ይችላል። ካልፈለጋችሁ አጥፉት።

ፒክስል ካላችሁ ደንበኛውን ጠይቁ

ማስታወቂያ በፌስቡክ የሚያስነግር ሰው ፒክስሉን አልለቅም ሊል ይችላል። ያኔ የፈቃድ ባነር (ገጹ ሲከፈት ደንበኛውን ፈቃድ የሚጠይቅ ሳጥን) የግድ ነው። የባነር ፕለጊን ስትመርጡ «ደብሊው ፒ ኮንሰንት ኤ ፒ አይ» ከሚባለው፣ የደንበኛውን ፈቃድ ለሌሎች ፕለጊኖች ከሚያስተላልፈው፣ ጋር የሚግባባ ይሁን፤ ኦርደር አትሪቢውሽንም ይህን ይሰማል፣ ደንበኛው እስኪፈቅድ ይጠብቃል።

ባነሩ ላይ የሚጻፈውን በሰው አማርኛ ጻፉት። እኛ የጻፍነው ይህን ነው፦ «ከየትኛው ማስታወቂያ እንደመጡ ብናውቅ ይጠቅመናል። ይፈቅዱልናል?» ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፣ «እፈቅዳለሁ» እና «አልፈቅድም»። መጠናቸውም ቀለማቸውም እኩል ነው። እምቢ ማለቻውን በደብዛዛ ግራጫ ደብቆ እሺ ማለቻውን በአረንጓዴ ማብለጭለጭ ነውር ነው። ቀድሞ ራይት የተደረገበት ሳጥንም አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያለው ሳጥን ፈቃድ አይባልም ብሎ ወስኗል። «እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ አውሮፓ ምን አገባኝ» አትበሉ። የኅብረቱ የዳታ ጥበቃ ሕግ እዚያ ላሉ ሰዎች ዕቃ የሚያቀርብን ነጋዴ ከውጭም ሆኖ ይመለከተዋል። አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት።

ባነሩን ከጫናችሁ በኋላ በኢንኮግኒቶ ተመልሳችሁ «አልፈቅድም» በሉና ኤፍ 12ን እዩ። ኩኪዎቹ አሁንም ካሉ ባነሩ ጌጥ ብቻ ነው ማለት ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ የሆነው ይኸው ነበር። ፒክስሉን ቴሙ (የሱቁን መልክ የሚወስነው ፋይል) ውስጥ በእጄ ለጥፌው ስለነበር ባነሩ አላየውም። አውጥቼ በፕለጊን ሳስገባው ተስተካከለ።

የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ በወር ሃያ ሠላሳ ትዕዛዝ ለሚደርሰው ሱቅ ባነር ድካም ነው። አጥፉና ተገላገሉ። ጓደኛዬ በመጨረሻ ፒክስሉንም አስወጣችው። አሁን ቡናው ሲላክ በቴሌግራም «ስለኛ ከማን ሰሙ?» ብላ ትጠይቃለች። የፍራንክፈርቷ ደንበኛ «ከአክስቴ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስትጠጣ ቀምሳው» ብላ መለሰች። የድሮው ዓምድ ስለሷ የሚለው «ዳይሬክት» (በቀጥታ የገባች) ብቻ ነበር።

የቆየውን ዳታ አትርሱ

«ሴቲንግስ» ውስጥ «አካውንትስ ኤንድ ፕራይቬሲ» የሚል ገጽ አለ። እታች የደንበኛ መረጃ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚሞላበት ቦታ ታገኛላችሁ። ባዶ ከተተወ መረጃው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ላልተሳኩና ለተሰረዙ ትዕዛዞች አጭር ጊዜ ስጡ፤ ያልገዛ ሰው ስልክና አድራሻ ምን ይሠራላችኋል? የተጠናቀቁትን በተመለከተ ግን የሒሳብ ባለሙያችሁን ጠይቁ፣ ለግብር የሚያስፈልግ ሰነድ አለ።

ሲያልቅ የሱቁን ካሽ (ተቀምጦ የቆየ የገጽ ቅጂ) አጽዱ፣ አለዚያ የድሮው ገጽ እየመጣ ያታልላችኋል። ከዚያ አዲስ ኢንኮግኒቶ ከፍታችሁ ቅድም ካነሳችሁት ፎቶ ጋር አወዳድሩ። ፕለጊን አፕዴት ባደረጋችሁ ቁጥርም «ፊቸርስ» ገጹን አንዴ ግቡና እዩት። እኛ ጋ ሳንጠይቀው የገባው በአፕዴት ነበር።