ያለ ድግስ ለመፈራረም አገር ቤት ለምትሄዱ

ድንኳን የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ ሦስት መቶ እንግዳ የለም። ሁለታችሁ ጋብቻችሁን ትፈራረማላችሁ፣ ከዚያ ለዘመድ ትነግራላችሁ። ከዲሲም ከዱባይም እንዲህ ማድረግ የሚፈልጉ ጥንዶች አሉ፤ በደንብ ይገባኛል። በዓመት አንዴ ለምትገኝ ፈቃድ ትልቅ ሠርግ ከባድ ነው። ሕጉም አይከለክልም። ሁለታችሁም 18 ዓመት ከሞላችሁ፣ ሌላ ትዳር ከሌለባችሁና የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ካልሆናችሁ የራሳችሁ ፈቃድ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው። ቤት በውክልና ይሸጣል፣ መኪና በውክልና ይገዛል። ስለዚህ «ወንድሜ በእኔ ስም ይፈርምልኝ» የሚል አይጠፋም። ጋብቻ እንዲያ አይሆንም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ሁለቱም ተጋቢዎች በአካል እንዲገኙ ያዛል። ከባድ ምክንያት ኖሮ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲፈቅድ ብቻ ነው የሚታለፈው፤ በእሱ ተስፋ አትነሡ።

ቀጥሎ ጊዜውን አስቡ። በሁለት ሳምንት ፈቃድ ቦሌ ወርዶ ነገሩን ልጨርስ ማለት አያዋጣም። ሕጉ የክብር መዝገብ ሹሙ፣ ማለትም ጋብቻውን የሚያስፈጽመውና የሚመዘግበው ሹም፣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እንዲያውቅ ይፈልጋል። ቦታውም የትም አይደለም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ፣ ወይም ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ፣ ቢያንስ ስድስት ወር በተከታታይ የኖረበት መሆን አለበት። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አገር ቤት ያለው እጮኛ ወረዳው ድረስ ሄዶ ቀኑንና የሚጠየቀውን ወረቀት በደንብ ይጠይቅ።

ከወረቀቱ ሁሉ አስቸጋሪው ያላገባ ማስረጃ ነው። ውጭ የተሠራው መጀመሪያ እዚያው፣ ከዚያ በኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። የተፋታችሁ ከሆነ የፍቺው ውሳኔም በዚሁ መንገድ ይሂድ። ከተፋታች 180 ቀን ያልሞላት ሴት እርጉዝ አለመሆኗን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ ትያዝ።

የአክስቴን ልጅ ጉድ የሠራው ስሙ ነው። የልደት ካርዱ ላይ የአያቱ ስም አለ፤ የአሜሪካ ፓስፖርቱ ላይ የለም። ያላገባ ማስረጃውን በፓስፖርቱ ስም አሠርቶ መጣ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ በጣቷ ፊደል በፊደል ተከተለችና «ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለችው። የመመለሻ በረራው አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ሳይፈራረም ተመለሰ። እባካችሁ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ወረቀቶቻችሁን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስማችሁን አስተያዩ።

ለእያንዳንዳችሁ ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክር ያስፈልጋል። መታወቂያቸው የታደሰ መሆኑን ቀድማችሁ እዩ።

ለአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ፣ ማለትም ለኬ-1፣ ያመለከታችሁ ካላችሁ አገር ቤት አትፈራረሙ። የቤተ ክርስቲያን ጋብቻም ኒካህም በሕጋችን ጋብቻ ነው፤ ካገባችሁ ያ ቪዛ አይሠራም፣ የትዳር ጓደኛ ማመልከቻ እንደገና መጀመር ነው። በትዳር የምታመለክቱ ደግሞ ድግስ ስለሌለ ፎቶ አይቅር። ከምስክሮቹ ጋር፣ ከወላጆች ጋር፣ ምሳ ስትበሉ ተነሡ። ቆንስላው ግንኙነታችሁ እውነተኛ መሆኑን የሚያይበት ነገር ይፈልጋል።

ንብረትም አለ። ከጋብቻ በኋላ የተገዛ ቤት በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ሌላ ሐሳብ ካላችሁ የጋብቻ ውል በጽሑፍ፣ በአራት ምስክሮች ፊት አድርጉ።

በምስጢር ለምታስቡት ደግሞ፦ ሹሙ ጋብቻውን በማስታወቂያ ያሳውቃል፣ የሰፈር ሰው ሊያየው ይችላል። እናት ነገሩን ከጎረቤት ስትሰማ የሚሰማትን አውቃለሁ። ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ባለው ማታ ደውሉላት።