ድሬ ላይ ሥራ ለምትፈልግ፦ መጀመሪያ ስምህን መዝገብ ላይ አስገባ

አቦ፣ ቴሌቪዥን ላይ «ለወጣቶች ይህን ያህል የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ሲባል ሰምተህ ሪሞቱን የምትወረውር ከሆነ አልፈርድብህም። እኔም ወርውሬያለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አንድ ዓመት ከምናምን ሳቢያን ሰፈር በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው የከረምኩት። ጠዋት ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ሳገላብጥ፣ ከቀትር በኋላ ከጀማው ጋር በርጫ ስቀመጥ፣ ማታ ደግሞ እናቴ «ዛሬስ ምን አሉህ?» ስትለኝ «ይደውላሉ» እያልኩ። ማንም አልደወለም። የሚደውለውስ ሰው ስልኬን ከየት ያምጣው? ስሜ የትም አልነበረማ።

«አንተ» እያልኩ ነው የምቀጥለው፣ አንቺም አለሽበት። ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቃላችሁ።

ስለ ፖሊሲው በአጭሩ። አገሪቱ በ2008 ዓ.ም. የወጣ ብሔራዊ የሥራ ስምሪት ፖሊሲና ስትራቴጂ አላት። ከዚያ የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን ተቋቋመና እስከ 2025 እ.ኤ.አ. 14 ሚሊዮን ሥራ ለመፍጠር ዕቅድ አወጣ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሥራውም የሙያ ሥልጠናውም ጉዳይ አንድ ላይ ተጠቅልሎ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ገባ። ይህን አጥናው እያልኩህ አይደለም። አንተን የሚነካህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሥልጠናው፣ የሥራ ላይ ልምምዱ፣ ብድሩ፣ ሼዱ (የመሥሪያ ቦታው)፣ ሁሉም ወደ ታች ወርዶ የሚታደለው ከተመዘገቡ ሥራ ፈላጊዎች ዝርዝር ነው። ቀበሌ የተቀመጠችው ሠራተኛ ከላይ «20 ሰው ላኪ» ሲባልላት ዝርዝሩን ነው የምትከፍተው። የአንተን ዲግሪ በህልሟ አታየውም።

ስለዚህ ከመታወቂያ እንጀምር። ፋይዳ ከሌለህ አውጣ፣ ምዝገባው ነፃ ነው። ዋናው ነገር ግን ስምህ ነው። ድሬ ውስጥ ስንት መሐመድ አለ? አንዱ ትራንስክሪፕቱ ላይ በእንግሊዝኛ በአንድ «ኤም» ይጻፋል፣ ቀበሌ መታወቂያው ላይ በሁለት፣ ፋይዳው ላይ ደግሞ «ሙ» ብሎ ይጀምራል። ሦስት ሰው ሆነ ማለት ነው። ይህ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሥራ አግኝተህ ሰነድ አምጣ ስትባል ግን ሦስት ቀን ብቻ ሰጥተውህ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ማስተካከያ ውስጥ ይከትሃል። ዛሬ ሁሉንም ወረቀትህን ምንጣፍ ላይ ዘርግተህ ፊደል በፊደል አስተያየው። የአያት ስምም አትርሳ።

ቀጥሎ ቀበሌ። የሥራ ዕድል ፈጠራ አገልግሎት የሚሰጥበት «አንድ ማዕከል» የሚሉት ቢሮ አለ። መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ ከነኮፒው፣ ሁለት ሦስት ጉርድ ፎቶ ይዘህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረስ። ጠዋት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከቀትር በኋላ በዚህ ሙቀት ከተማው ራሱ እንደሚተኛ አንተው ታውቃለህ። «ሲስተም የለም» ሊሉህ ይችላሉ። ተመልሰህ ሂድ። ሁለተኛም «የለም» ካሉህ ሦስተኛ ሂድ፣ ፊትህን ይልመዱት። ምዝገባው አሁን የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ በወረቀት ብቻ ከጻፉህ «ሲስተሙ ላይስ ገባሁ?» ብለህ ጠይቅ፣ አትፈር።

እዚህ ላይ ብዙ ልጅ የሚበላሽበት አንድ ጥያቄ አለ። «ምን ዓይነት ሥራ ነው የምትፈልገው?» ይሉሃል። አንተ ትህትና መስሎህ «ያገኘሁትን፣ ማንኛውንም» ትላለህ። ያን ጊዜ አለቀልህ። መዝገቡ በሙያ ነው የሚፈለገው። አንድ መጋዘን ስቶር ኪፐር ሲጠይቅ «ስቶር ኪፐር» ተብሎ ነው የሚፈለገው፤ «ማንኛውም» የሚል መደርደሪያ የለም። ሁለት የሚቀራረቡ ሥራዎች ምረጥና በስማቸው ጥራቸው። አካውንቲንግ የተማርክ ከሆነ «ካሸርና ስቶር ኪፐር» በል። ስልክህን ደግሞ ሁለት ጊዜ አስነብባቸው። እኔ በመጨረሻ ስመዘገብ የሰጠሁት ቁጥር ከሦስት ወር በኋላ ሲሙ ጠፋብኝ፣ ሌላ አወጣሁ፣ መዝገቡን ግን ማን ያስታውሰዋል። ለካ አንድ ሥልጠና መጥቶ ተደውሎልኝ ነበር። የጎረቤት ልጅ ናት ሠልጥና ከመጣች በኋላ «ስምህን ሲጠሩ ሰማሁ እኮ» ያለችኝ። ቁጥር ከቀየርክ በዚያው ቀን ሄደህ አስቀይር።

«ዕድሜዬ አልፏል» የምትለውንም ተው። በ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ነው፤ በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር ተመድቦለት የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ግን ከ18 እስከ 34 ነው የሚለው። 30 ሞላኝ ብሎ ተስፋ የቆረጠ ጓደኛ አለኝ፤ በአንዱ ወረቀት ሽማግሌ፣ በሌላው ገና ጎረምሳ ነው።

ትምህርትህ ብዙ ካልገፋ የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራሙ አካል የሆነውን የስድስት ወር የሥራ ላይ ልምምድ አሁንም ካለ ጠይቅ። ሴፍቲኔቱ መጀመሪያ ከገባባቸው 11 ከተሞች ድሬዳዋና ሐረር ሁለቱም አሉበት። ክፍያው ቤት አይሠራም፣ እሱን እንነጋገር አንበል። ስድስት ወር ግን ከዜሮ ዓመት ያወጣሃል። ማስታወቂያው ሁሉ «1 ዓመት ልምድ» ሲል አንተ ደብዳቤ ይኖርሃል። ሲያልቅ ደብዳቤህን ሳትቀበል ከዚያ ግቢ እንዳትወጣ።

ዲግሪ ላለህ ደግሞ ደስ የማይል ነገር ልንገርህ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም፤ ያመጣውም ቢሆን ዲግሪው ብቻውን ባጃጅ አይገፋም። የእኔ ባች ውስጥ ማኔጅመንት ጨርሶ ተመልሶ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ የኤሌክትሪክ ኢንስታሌሽን የተማረ ልጅ አለ። ከዚራ ላይ ስናገኘው «ወደ ኋላ ትማራለህ እንዴ?» እያልን ሙድ ይዘንበታል። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈትኖ አለፈ። ዛሬ የኤሲ ጥገና ሲኖር እሱን ነው የምንለምነው፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ሲኦሲ በራስህ ጊዜ የለመድከውን ሙያ በወረቀት የሚያረጋግጥልህ መንገድም ነው፤ ጋራዥ ውስጥ አራት ዓመት ያሳለፈ ልጅ ወረቀት የለኝም ብሎ ማልቀስ የለበትም። ኮምፒውተር ላይ ዝንባሌ ካለህ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ በኢንተርኔት የሚወሰድ ነው፦ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ። ሰርተፊኬቱ ብቻውን ሥራ ይሰጠኛል ብለህ አትጠብቅ፣ ሲቪህ ላይ ግን አንድ መስመር ይሞላል።

አሁን ወደ ቀጣሪው በር። ድሬ ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ሲገባ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ እስከ ዛሬ እንጀራዋ ከመንገዱ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ተከፍቷል። እዚህ ከተማ ከአስር የቢሮ ሥራ ይልቅ አንድ የፎርክሊፍት መንጃ ፈቃድ፣ አንድ የመጋዘን ቆጠራ የሚያውቅ እጅ፣ አንድ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ማንበብ የሚችል ልጅ ይፈለጋል። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ግን መልካ ጀብዱ በኩል ጠዋት የሚወጡትን መኪኖች ቆመህ አንድ ቀን ብታይ አትከራከረኝም። ማስታወቂያ አትጠብቅ፤ ክሊር ፋይልህን ይዘህ በር ላይ ድረስ፣ ዘበኛውን ሰላም በል፣ ስሙን ያዝ። ዘበኛ ሁሉን ያውቃል።

ሲቪህ ላይ ቋንቋህን ጻፍ። የድሬ ልጅ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ እየቀላቀለ ነው የሚያድገው፣ ግማሹ አደርኛም ዐረብኛም ይጨምርበታል፤ ሲቪው ላይ ግን «አማርኛና እንግሊዝኛ» ብሎ ያልፋል! ሾፌሩ ሶማሊኛ፣ ጫኙ ኦሮምኛ፣ አለቃው ሌላ ቋንቋ በሚናገርበት መጋዘን መሀል ቆሞ የሚያግባባ ሰው ዋጋው ስንት እንደሆነ አስበው። «መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ» ብለህ ለያይተህ አስቀምጠው።

ዋስ የሚባለው ነገርም አለ። ካሸር፣ ስቶር፣ ሽያጭ ከሆነ «ዋስ አምጣ» ማለታቸው አይቀርም፤ ደመወዙ የተጻፈበት ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚያመጣ ሰው ማለት ነው። ሥራው ከተገኘ በኋላ ዋስ መፈለግ ቡና ከፈላ በኋላ ስኒ እንደመፈለግ ነው። አሁን፣ ምንም ሳይኖር፣ አጎትህን ወይ የአክስትህን ባል አናግረው። «ሥራ ባገኝ ትዋሰኛለህ ወይ?» በለው። እሺ የሚል አንድ ሰው ካለህ ከብዙ ተፎካካሪ ቀድመሃል።

ደላላ። እኔ ከፍያለሁ፣ ስለዚህ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። አንድ ደላላ «ሰኞ ትጀምራለህ» ብሎ ተቀበለኝና ሰኞ ስልኩ ዝግ ሆነ። በሕጉ ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም። ከፍለህ ግባ የሚልህ ሰው እያታለለህ ነው፣ ወይም ሕጉን አያውቅም፤ ለአንተ ያው ነው። ዓረብ አገር ላስገባህ የሚለውም እንዲሁ፦ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ከሆነ ቪዛውና የአውሮፕላን ትኬቱ በአሠሪው ነው። በጅቡቲ በረሃ በእግር የሚያስኬድህን ሰው ስሙንም አትጠይቅ፣ ተነስተህ ሂድ።

ተቀጠርክ እንበል። ደስታው እንዳያሳውርህ። ውል በጽሑፍ ካልተሰጠህ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባል። ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «ስድስት ወር ሙከራ ነህ» ካሉህ ፈገግ ብለህ አዋጁን ጥቀስ፣ አንቀጽ 11 ነው። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48። ስትወጣም ሆነ በፈለግህ ጊዜ የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት በነፃ የማግኘት መብት አለህ።

ደመወዝ ላይ ደግሞ እጅህ ላይ የሚገባውን አስላ። ለግል ሠራተኛ በአገር ደረጃ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ገና የለንም፣ ስለዚህ የምትደራደረው አንተው ነህ። «5,000 ብር» ብለውህ ተስማማህ እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር እስከ 2,000 ብር ያለው አይቀረጥም፤ ቀጣዩ 2,000 ላይ 15 ከመቶ፣ 300 ብር፤ የመጨረሻው 1,000 ላይ 20 ከመቶ፣ 200 ብር። ጡረታ 7 ከመቶ፣ 350 ብር። ቤት የሚገባው 4,150 ነው። ከመልካ ጀብዱ ሳቢያን የባጃጁን ደግሞ አንተ ቀንስ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምረህ ከሆነ የወጪ መጋራቱም አለ፤ ስለዚህ «ሰርቪስ አለ ወይ? ምሳ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጡረታህን በእውነት እያስገቡ መሆኑንም አጣራ፤ ካንተ 7 ሲቆርጡ እነሱ 11 ከመቶ ይጨምራሉ።

መቀጠር ያልፈለገ በማህበር ይደራጅ ይባላል። ጥሩ ነው፣ እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ጓደኛ ሁሉ ማህበርተኛ አይሆንም። አምስት ሆነው ብሎኬት ማምረት የጀመሩ የሰፈሬ ልጆች የተጣሉት በገንዘብ አይደለም፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ ይደር በሚል ነው። ቁልፉ፣ ማህተሙ፣ የባንክ ፊርማው ማን ጋ እንደሚሆን ብድሩ ሳይወጣ በፊት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በል እንግዲህ፣ ሰኞ 2 ሰዓት ቀበሌ። ኮፒውን እሁድ አድርግ፣ ሰኞ ጠዋት ቀበሌ አጠገብ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት መብራት ሄዶበት ታገኘዋለህ። እስክሪብቶም ያዝ። ጠረጴዛው ላይ በክር የታሰረው አይጽፍም።