ማድ ቤት ከማደሳችሁ በፊት፦ አሮጌ ቡታ ጋዝ ሲነሳ የሚሠሩ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ የከዚራም ሆነ የሳቢያን ቤት ሲታደስ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚፈርሰው ማድ ቤቱ ነው። ግንበኛው ሴራሚክ ለመንቀል ይቸኩላል፤ አሮጌው የቡታ ጋዝ ምድጃም እንደ ወንበር ተጎትቶ ይወጣል። እባካችሁ እንደዚህ አታድርጉ።

አንደኛው ስህተት የምድጃውን ማዞሪያ ዘግቶ ጋዙ ተዘጋ ማለት ነው። አልተዘጋም። መዘጋት ያለበት ሲሊንደሩ ራስ ላይ ያለው ነው። እሱን ከዘጋችሁ በኋላ፣ የጋዝ ሽታ ከሌለ፣ መስኮት ከፍታችሁ አንዱን ምድጃ ለኩሱና ጎማው ውስጥ የቀረው ተቃጥሎ እስኪጠፋ ጠብቁ። ሬጉሌተሩ፣ ማለትም ጎማውን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው የጋዝ መቆጣጠሪያ፣ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። በብሎን የሚታሰር ከሆነና አልፈታ ካላችሁ አትታገሉት፤ ብዙዎቹ የሚፈቱት በተቃራኒው፣ ወደ ቀኝ ነው።

እኔ ከሁሉም የምፈራው ግን ሽታ ሲመጣ ቬንትሌተር ማብራትን ነው። በእኛ ሙቀት እጅ ሳይታሰብ ወደ ማብሪያው ይሄዳል። ማብሪያው ሲነካ ብልጭ የምትለው ትንሽ እሳት ትበቃለች፤ ክፍሉ ውስጥ ካለው አየር 2 በመቶ ያህሉ ቡታ ጋዝ ከሆነ ሊቀጣጠል ይችላል። ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ፍሳሽ መውረጃ ውስጥ ይገባል፣ በበር ስር ሾልኮ ሳሎን ይደርሳል። ቆማችሁ ስታሸቱ ምንም የለም ትላላችሁ፤ ሠራተኛው ግን ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በግራይንደር ብልጭታ እየረጨ ነው! ስለዚህ ሽታ ካለ በር መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ሰዉን ሁሉ አስወጡ፣ ማብሪያ አትንኩ፤ የበራውንም አታጥፉ። ቀትር ላይ ፀሐይ እንዳይገባ ቤት ዘግተን የመዋል ልማዳችንንም ለዚያ ቀን ተዉት፣ ሥራውን በጠዋት ጀምሩ።

"አልቋል" የተባለ ሲሊንደርም ባዶ አይደለም፣ ትራፊ ጋዝ ይቀርበታል። አስተኝታችሁ አትጫኑት። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ወይም ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ አታቁሙት። ለቆራሌ መሸጥማ በፍጹም፤ አንዱ ብረቱን እቆርጣለሁ ብሎ ብየዳ ሲያነሳበት ምን እንደሚሆን አስቡት። ወደ ገዛችሁበት መልሱት።

አንዳንድ ቤት ሲሊንደሩ ውጭ ሆኖ የመዳብ ቱቦ በግድግዳ ውስጥ ያልፋል። መዶሻ ከመነሳቱ በፊት የት እንደሚያልፍ ለግንበኛው በኖራ አስምሩለት። የቱቦው አፍ በላስቲክና በፕላስተር አይደፈንም፤ በልኩ የተሠራ የብረት መድፈኛ ይጠበቅበት፣ ያንን ደግሞ ጋዝ የሚያውቅ ባለሙያ ይሥራው።

አሮጌውን ጎማ ለአዲሱ ምድጃ መልሶ መግጠምም አለ። ጎማ በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ አዲስ ግዙ። ከተገጠመ በኋላ መጋጠሚያውን በክብሪት አትሞክሩ። የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው እየነፋ ከመጣ ጋዝ እያመለጠ ነው፣ ሲሊንደሩን ዝጉና እንደገና ይታሰር።